ሁለተኛው ሥራዎ የት ነው?

የጠያቂያችን ደብዳቤ፣ በአጭሩ፦ «የ29 ዓመት የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። በምኖርበት መካከለኛ ከተማ አንድ ድርጅት ውስጥ 5 ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን በትልቅ ከተማ ያለ ኩባንያ ደመወዜን በ45 በመቶ የሚያሳድግ ሥራ አቅርቦልኛል። ባለቤቴ የፊዚክስ መምህር ነው፤ እዚያ የያዘው ሥራ የለም። የ3 ዓመት ልጅ አለችን፤ ቀን ቀን የምትይዝልን እናቴ ናት። አሁን ከቤቴ ቢሮ 15 ደቂቃ ነው፤ እዚያ ግን 45 ደቂቃ እንደሚፈጅ ነግረውኛል። ጓደኞቼ ‹እዚህ ሆነሽ ዕድልሽን አታበላሺ› ይሉኛል። ባለቤቴ ‹እንደፈለግሽ› ይላል። መልስ የምሰጠው በ5 ሳምንት ውስጥ ነው። ልሂድ ወይስ ልቅር?» — ግራ የገባኝ

ውድ ጠያቂያችን፣

ሙሉው ደብዳቤዎ ውስጥ 45 በመቶ የሚለው ቁጥር አራት ቦታ ላይ ተጽፏል። ከጎኑ መጻፍ የነበረባቸው ሁለት ቁጥሮች ግን የሉም፦ በዚያ ከተማ እርስዎን ሊቀጥሩ የሚችሉ ድርጅቶች ስንት ናቸው? ባለቤትዎን ሊቀጥሩ የሚችሉትስ? የመጀመሪያውን ሥራ የሰጠዎት ኩባንያው ነው። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን የሚሰጥዎት ከተማው ነው። መጀመሪያ የገቡበት ቦታ ላይስማማዎት ይችላል፣ አለቃው ሊቀየር ይችላል፣ ኩባንያው ሊዘጋ ይችላል። ያን ቀን ጠዋት ሲቪዎን ይዘው የሚያንኳኩት በር አለ ወይስ የለም? የከተማ ምርጫ ከሥራ ዕድገት ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አልፍሬድ ማርሻል በ1890 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንድ ዓይነት ሙያ ያላቸው ሰዎች ለምን በአንድ አካባቢ እንደሚከማቹ ሲያስረዳ፣ ቀጣሪ የሰለጠነ ሰው ወደሚያገኝበት ይሄዳል፣ የሰለጠነ ሰውም ብዙ ቀጣሪ ወዳለበት ይሄዳል፤ የሙያው ምሥጢርም በዚያ አካባቢ እንደ አየር ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል ብሎ ነበር። ወደ እርስዎ ሙያ ስናመጣው እንዲህ ነው። ሦስት ድርጅት ብቻ ባለበት ከተማ የደመወዝ ጭማሪ ሲጠይቁ አለቃዎ የትም እንደማይሄዱ ያውቃል። አርባ ድርጅት ባለበት ከተማ ግን እርስዎን ለመተካት ስንት ወር እንደሚፈጅበት ማስላት ይጀምራል። ሌላም አለ፤ በትንሽ ከተማ አንድ የሒሳብ ባለሙያ ከጥቃቅን ወጪ መዝገብ እስከ ደመወዝ ዝርዝርና የግብር ማስታወቂያ ሁሉን ይሠራል። በትልቅ ከተማ አንዱ ኦዲት ብቻ፣ ሌላው የበርካታ እህት ኩባንያዎችን የተጠቃለለ ሪፖርት ብቻ ይሠራል። ገበያው በውድ የሚገዛው ይህን ጥልቀት ነው። (ስፋትም የራሱ ገዢ አለው። የአነስተኛ ድርጅት የፋይናንስ ኃላፊ መሆን የሚፈልግ ሰው ሁሉን መንካቱ ይጠቅመዋል። ለጊዜው እንለፈው።)

ጥናቶቹ የሚያሳዩት አንድ ነገር ግን ለእርስዎ ውሳኔ በቀጥታ ይጠቅማል። ኤድዋርድ ግሌዘርና ዴቪድ ማሬ በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ ወደ አሜሪካ ትልልቅ ከተሞች የገቡ ሠራተኞች የሚያገኙት የደመወዝ ብልጫ በገቡበት ቀን ተጠቃሎ የሚሰጥ ሳይሆን በዓመታት ውስጥ የሚጨምር መሆኑን፣ ከተማውን ለቀው የወጡትም ብልጫቸውን ይዘው እንደሚወጡ አሳይተዋል። ሆርሄ ደ ላ ሮካና ዲዬጎ ፑጋ በ2017 የስፔንን ሠራተኞች መረጃ ሲመረምሩም በትልቅ ከተማ የተገኘ የሥራ ልምድ ከሌላው ይልቅ ዋጋ እንዳለው፣ ሰውየው ከከተማው ቢወጣም ያ ዋጋ አብሮት እንደሚቆይ አገኙ። ስለዚህ ቢሄዱ በሩ ከኋላዎ አይዘጋም። በአንጻሩ ደግሞ ለአንድ ዓመት ሄዶ መመለስ ድካም እንጂ ትርፍ አይሆንም፤ ትርፉ ሥር የሚሰደው ቆይቶ ነው።

የከተማ ትልቅነት ግን መልካሙን ብቻ አያባዛም። ሉዊስ ቤተንኮርትና ባልደረቦቹ በ2007 ባወጡት ጥናት የአንድ ከተማ ሕዝብ እጥፍ ሲሆን የነፍስ ወከፍ ደመወዝና የፈጠራ ባለቤትነት ምዝገባ በአማካይ በ15 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ወንጀልና ተላላፊ በሽታም እንዲሁ። ደግሞም ትልቅ የሚባል ከተማ ሁሉ ብዙ በር የለውም። በአንድ ኢንዱስትሪ ላይ የተንጠለጠለ ከተማ ያ ኢንዱስትሪ ሲያስነጥሰው ሙሉ በሙሉ ይተኛል። የመኪና ከተማዋ ዲትሮይት በ1950 ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበራት፤ በ2013 መክሰሯን በፍርድ ቤት አስመዘገበች፤ በ2020 ቆጠራ ሕዝቧ 640 ሺህ አካባቢ ነበር።

ስለዚህ በመጀመሪያ የሚሠሩት ቆጠራ ነው። ሁለት ሳምንት ይበቃዎታል። በየማታው 20 ደቂቃ የሥራ ማስታወቂያ ገጾችን ከፍተው የእርስዎን ሙያ የሚፈልጉትንና አሁን ካሉበት አንድ ደረጃ ከፍ ያሉትን መደቦች በወረቀት ይመዝግቡ። የሚቆጥሩት ማስታወቂያ ሳይሆን ቀጣሪ ይሁን፤ አንድ ድርጅት ያንኑ መደብ ሦስቴ ያወጣዋል፣ አስቀጣሪ ኤጀንሲዎችም ደግመው ይለጥፉታል። ከዚያ ከእያንዳንዱ ቀጣሪ ጎን ዘርፉን ይጻፉ፦ ባንክ፣ ግንባታ፣ ሆስፒታል፣ ንግድ። ከአምስት በታች ቀጣሪ ካገኙ ከተማው ለእርስዎ፣ ስሙ የቱንም ያህል ይግነን፣ ትንሽ ከተማ ነው። ከአሥር በላይ ሆነው ቢያንስ በሦስት ዘርፍ ከተከፋፈሉ እውነተኛ ገበያ አለ ማለት ነው። እነዚህ መነሻዎች በልምድ የምንጠቀምባቸው እንጂ የሕግ አንቀጽ አይደሉም፤ ሆኖም ባዶ እጅ ከመወሰን ይሻላሉ። ይህንኑ ቆጠራ አሁን ላሉበት ከተማም ያድርጉ። እዚያው ያሉ፣ አንኳኩተውባቸው የማያውቁ ስድስት ቀጣሪዎች ሊወጡ ይችላሉ።

ሦስተኛው ቆጠራ የባለቤትዎ ነው፤ ይህን ራሳቸው ይሥሩት። «እንደፈለግሽ» ሲሉ ነገሩን የተዉት ይመስላል እንጂ አልተዉትም፤ አንድ ዓመት ቆይቶ «እኔ እኮ ያንቺን ብዬ ነው» ሆኖ ይመለሳል። ዶራ ኮስታና ማቲው ካን በ2000 ባሳተሙት ጥናት ሁለቱም የተማሩ ባልና ሚስት በአሜሪካ ወደ ትልልቅ ከተሞች የመሰባሰባቸውን ዋና ምክንያት ያገኙት እዚህ ነው፦ ሁለት ሙያ ለሁለት ሰው በአንድ ቦታ የሚገኘው በትልቅ ገበያ ነው። የፊዚክስ መምህር በየትም ይፈለጋል ብሎ ማሰብ ቀላል ነው፤ ቅጥሩ የሚከፈተው ግን በአብዛኛው የትምህርት ዘመኑ ከመጀመሩ በፊት ባሉት ወራት ነው። እርስዎ የሚጀምሩት በዓመቱ አጋማሽ ከሆነ ባለቤትዎ ለወራት ቤት ሊውሉ ይችላሉ። የሙያ ፈቃድ በየክልሉ በሚለያይበት አገር ደግሞ ምዝገባው ራሱ ጊዜ ይበላል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ዛሬ እጅዎ የሚገባውን የወር የተጣራ ደመወዝ 100 እንበለው። የተቀሩትን ቁጥሮች ለምሳሌ የሰጠናቸው እኛ ነን፤ በራስዎ ይተኩዋቸው። አሁን ኪራይ 22፣ ትራንስፖርት 4፣ ልጅ ማስያዣ 0 ቢሆን የሚቀርዎ 74 ነው። በአዲሱ ከተማ ደመወዙ 145 ይሆናል ብለው አይጀምሩ፤ ግብር ከገቢ ጋር ከፍ እያለ በሚሄድበት ሁሉ የተጣራው ጭማሪ ከጥሬው ያንሳል። 138 እንያዝ። ኪራይ 45፣ ትራንስፖርት 9፣ ልጅ ማስያዣ 18 ቢሆን ወጪው 72፣ የሚቀረው 66 ነው። ደመወዝዎ አድጎ የሚቀርዎ በ8 ቀነሰ። አሁን ካለዎት ኑሮ ጋር እኩል ለመቆም ብቻ የተጣራ 146 ያስፈልግዎታል። ልብ ይበሉ፣ ትልቁን ቀዳዳ ከከፈቱት አንዱ በደብዳቤዎ «የምትይዝልን እናቴ ናት» ብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፉት ነው። እናትዎ በየወሩ 18 እየከፈሉዎት ነው፤ ደረሰኝ ስለሌለው አይታይም።

የአንድ ጊዜ ወጪዎችም አሉ። የቤት ማስያዣና ቅድሚያ ክፍያ የሦስት ወር ኪራይ ቢሆን 135፤ ዕቃ ማጓጓዝና የጎደለውን መግዛት 40፤ ባለቤትዎ ወር በወር 70 ያገኙ ከነበረ የአራት ወር ሥራ ፈትነት 280። ድምሩ 455፣ ማለትም የአራት ወር ተኩል ደመወዝዎ ነው። (ማስያዣው ሲወጡ ሊመለስ ይችላል፤ እስኪመለስ ግን የሌለ ገንዘብ ነው።)

ታዲያ መሄዱ ኪሳራ ነው? ዕድገቱን ጨምረን እንየው። በአዲሱ ከተማ የተጣራ ደመወዝዎ በዓመት 9 በመቶ፣ በአሁኑ 4 በመቶ ቢያድግ፣ ወጪው በሁለቱም ቦታ በ5 በመቶ ቢጨምር፦ በመጀመሪያው ዓመት በየወሩ በ8 ያንሳሉ፤ በሁለተኛው በ2 ገደማ፤ በሦስተኛው በ5 ይበልጣሉ፤ በአራተኛው በ13። ወርሃዊው ሚዛን በሦስተኛው ዓመት ተገለበጠ ማለት ነው። መጀመሪያ ያወጡት 455 ግን ተመልሶ የሚያልቀው በስድስተኛው ዓመት ነው። ባለቤትዎ ከመሄድዎ በፊት ሥራ ቢይዙ ያ 280 ይቀርና ነጥቡ ወደ አምስተኛው ዓመት ይመጣል። በዚህ ስሌት ሁሉን የሚያዞረው ከ45 በመቶው ይልቅ 9 በመቶ ብለን የገመትነው የዓመት ዕድገት ነው። ዕድገቱ 5 በመቶ ብቻ ከሆነ ወርሃዊው ሚዛን እንኳ እስከ አሥረኛው ዓመት አይገለበጥም። ያን ዕድገት የሚያመጣው ደግሞ መጀመሪያ የቆጠሩት የቀጣሪዎች ብዛት ነው።

ሰዓትን እንደ ገንዘብ ይቁጠሩት። በየመንገዱ 45 ደቂቃ ማለት በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ በዓመት 230 የሥራ ቀን ካለ 345 ሰዓት። አሁን 115 ሰዓት ነው የሚያባክኑት። ልዩነቱ 230 ሰዓት፣ በስምንት ሰዓት ቀን ቢሰላ ወደ 29 የሥራ ቀን ይሆናል። ኩባንያው ከሚሰጥዎ የዓመት ፈቃድ ጋር አነጻጽሩት። በወር 160 ሰዓት ሥራ ላይ መንገዱን ብንደምር አሁን በ170 ሰዓት 100 ያገኛሉ፤ እዚያ በ190 ሰዓት 138። በሰዓት ሲሰላ የ38ቱ ብልጫ ወደ 23 ወርዷል፤ ያውም ኪራዩ ሳይነሳ።

የመንገድ ነገር ሰዎች ደጋግመው የሚስቱበት ነው። «ይለመዳል» ይባላል። አሎይስ ስቱትዘርና ብሩኖ ፍራይ የጀርመንን የቤተሰብ ጥናት ይዘው በ2008 እንዳሳተሙት ረጅም መንገድ የሚመላለሱ ሰዎች በሕይወታቸው ያላቸው እርካታ ዝቅ ያለ ነው፤ በደመወዝና በቤት የሚያገኙት ካሣ ጉዳቱን አይሞላውም። ጣሊያናዊው የፊዚክስ ሊቅ ቼዛሬ ማርኬቲ በ1994 እንዳመለከተው ደግሞ ሰዎች በተለያየ ዘመንና በተለያየ መጓጓዣ በቀን ለጉዞ የሚሰጡት ጊዜ አንድ ሰዓት ገደማ ላይ ይረጋል። የእርስዎ አንድ ሰዓት ተኩል ከዚያ በላይ ነው። ይባስ ብሎ የሚያደክመው ርዝመቱ ብቻ አይደለም፤ አለመታወቁ ነው። ሁሌ 45 ደቂቃ የሚፈጅ ባቡር ላይ ይነበባል፣ ይተኛል። አንድ ቀን 30፣ አንድ ቀን 80 ደቂቃ የሚፈጅ መንገድ ላይ ግን በየቀኑ የ80ውን ያህል ቀድመው ለመውጣት ይገደዳሉ።

ኪራይና መንገድ ደግሞ የአንድ ሳንቲም ሁለት ገጽ ናቸው፤ ከመሃል በራቁ ቁጥር ኪራዩ ይረክሳል፣ ልዩነቱን በሰዓት ይከፍሉታል። በእኛ አመለካከት እንደ እርስዎ ትንሽ ልጅ ላለው ሰው አንድ ክፍል ያነሰ ግን ለቢሮው የቀረበ ቤት፣ ሰፊ ሆኖ ከሩቅ ካለው ይሻላል። «ለጊዜው» ተብሎ ዳር የተያዘ ቤት ከልጅ ትምህርት ቤት ጋር ሲያያዝ አይለቀቅም።

ከመፈረምዎ በፊት እዚያ አራት የሥራ ቀን ያሳልፉ። ቅዳሜና እሑድ የታየ ከተማ አልታየም። ሊከራዩ ከሚያስቡት ሰፈር ተነሥተው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ቢሮው ይጓዙ፤ ማታ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይመለሱ። ሦስት ቀን ቢያደርጉት ስድስት ጉዞ ይኖርዎታል። ስድስቱን ጻፉና በአማካዩ ሳይሆን ከሁሉ በከፋው ያቅዱ፤ ልጅ ማቆያው በር የሚዘጋው በአማካይ ሰዓት አይደለም።

ቤቱን ሁለት ጊዜ ይዩት፣ አንዱን ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ። የልጅዋ አልጋ የሚሆንበት ክፍል ውስጥ ይግቡ፤ መስኮቱን ዘግተው፣ መብራቱን አጥፍተው፣ ምንም ሳይነጋገሩ አምስት ደቂቃ ይቁሙ። የሚሰሙት ከታች ካለው መንገድ የሚነሣ የከባድ መኪና ማርሽ ከሆነ ከሌሊቱ 8 ሰዓትም ያው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 መመሪያው የመንገድ ትራፊክ ድምፅ ሌሊት ከ45 ዴሲቤል በታች እንዲሆን ይመክራል። የስልክ መለኪያ መተግበሪያ በትክክል ባይለካም ሁለት ክፍሎችን ለማወዳደር ይበቃል። ከዚያ ቧንቧውን ይክፈቱ፤ ውኃው በላይኛው ፎቅም በኃይል ይወርዳል? ባዶ ባልዲ ተደርድሮ ካዩ ማብራሪያ አያስፈልግዎትም። ደረጃ ላይ ያገኙትን ጎረቤት «ውኃና መብራት ለመጨረሻ ጊዜ የጠፋው መቼ ነው? ለስንት ሰዓት?» ብለው ይጠይቁ። «ይጠፋል ወይ?» ካሉ «አልፎ አልፎ» ይባላሉ፤ ይህ መልስ አይጠቅምም።

አየሩንም ይመልከቱ፤ ለትንሽ ሳንባ ቀላል ነገር አይደለም። ፒኤም 2.5 የሚባለውን ደቃቅ ብናኝ የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 በዓመት አማካይ በአንድ ኩብ ሜትር አየር ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ መክሯል፤ ቀድሞ 10 ነበር። ብዙ ከተሞች ከዚህ በላይ ናቸውና ጥያቄው «ያልፋል ወይ» ሳይሆን «አሁን ካለንበት በስንት እጥፍ» ነው። የአንድ ቀን ንባብ አይመኑ፤ የዓመቱን አማካይ ይፈልጉ። በአንድ ከተማም ውስጥ ከዋናው መንገድ ጥቂት መቶ ሜትር ገባ ያለ ቤትና መንገድ ዳር ያለ ቤት አንድ አየር አይተነፍሱም።

በኢንተርኔት የሚዞሩትን «ለኑሮ ምርጥ ከተሞች» ዝርዝር ይተዉት። ነጥቡን የሰጠው ሰው ልጅ ይኑረው፣ መኪና ይኑረው፣ ኦፔራ ይውደድ አያውቁም።

ለልጅዎ የከተማው ስም ከሰፈሩ ያነሰ ነው። በአሜሪካ በ1994 በአምስት ከተሞች የተጀመረ ሙከራ ለድሃ ቤተሰቦች የኪራይ ድጋፍ በዕጣ እየሰጠ ድህነት ወዳነሰባቸው ሰፈሮች አዛወራቸው። ራጅ ቼቲ፣ ናትናኤል ሄንድረንና ሎረንስ ካትዝ በ2016 ውጤቱን ሲያሳትሙ ከ13 ዓመታቸው በፊት የተዛወሩት ልጆች ወደ ሃያዎቹ አጋማሽ ሲደርሱ ገቢያቸው ካልተዛወሩት በ31 በመቶ ገደማ በልጦ ተገኘ፤ ዘግይተው በተዛወሩት ላይ ግን ጥቅም አልታየም። የእርስዎ ሁኔታ ከዚያ የተለየ ነው፤ ሆኖም ሁለት ነገር ይወሰዳል፦ ሰፈር ይቆጠራል፣ 3 ዓመት ለመዛወር ገና ነው። ልጅዋ ትምህርት ቤት ጓደኛ አፍርታ ስምንት ዓመት ሲሞላት ከመንቀል አሁን ይቀላል።

ስለ ሰው ትውውቅም አንድ ቃል። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ማርክ ግራኖቬተር በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሰው አማካይነት ሥራ ያገኙ ባለሙያዎችን ወሬውን ያቀበላቸውን ሰው ምን ያህል ያገኙት እንደነበር ሲጠይቅ፣ አዘውትረው እናገኘው ነበር ያሉት 16.7 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ሌሎቹ አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ። የሥራ ወሬ የሚመጣው ከሩቅ ትውውቅ ነው፤ ትልቅ ከተማ ደግሞ የሩቅ ትውውቅ ጎተራ ነው። ልጅዎ ትኩሳት ይዟት እርስዎ የዓመት መዝጊያ ሒሳብ ላይ ሳሉ የሚደርስልዎ ግን የቅርብ ሰው ነው፤ እሱ አብሮዎት አይጫንም። አዲስ የቅርብ ሰው ማፍራት ዓመታት ይወስዳል። ቢሄዱ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት የሙያ ማኅበር ስብሰባ ከመፈለግዎ በፊት ሁለት ጎረቤት በስም ይወቁ።

አሁን ኩባንያው ዘንድ ይደውሉ። ሦስት ጥያቄ አለዎት። አንደኛ፣ ከእኔ በፊት በዚህ መደብ የነበረው ሰው ወዴት ሄደ? «አደገ» ካሉ መልካም፤ «በሁለት ዓመት ሦስት ሰው ተቀያየረ» ከሆነ ደመወዙ ለምን 45 በመቶ እንደጨመረ ተረዱት። ሁለተኛ፣ ከሦስት ዓመት በፊት በእኔ ደረጃ የገቡት ዛሬ የት ደረጃ ናቸው? ያ 9 በመቶ የተባለው ዕድገት እውነት ይሁን ሕልም የሚታወቀው በዚህ ነው። ሦስተኛ፣ የሙከራው ጊዜ ስንት ነው፣ በዚያ ጊዜ ውሉ ቢቋረጥ ምን ይከፈላል?

ከዚያ የሚጠይቁት አለ፦ የማጓጓዣ ወጪ፣ ለመጀመሪያው ወር ተኩል ጊዜያዊ ማረፊያ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ከቤት መሥራት። የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል። 230 የነበረው የጉዞ ቀን ወደ 138 ይወርዳል፤ ከ345 ሰዓት ውስጥ 138ቱ ይመለሱልዎታል። የተስማሙበት ሁሉ ውሉ ላይ ይጻፍ። «እንተጋገዛለን» የሚል የቃል ተስፋ የሰጠዎት ኃላፊ በስድስት ወር ውስጥ ሊዛወር ይችላል፤ የመጣው ኃላፊ የሚያውቀው ውሉን ነው።

ብዙ ሰው የሚወድቅበት አንድ ጉድጓድ አለ። ከሩቅ ሆኖ በፎቶ ቤት ይመርጣል፣ የዓመት ውል ይፈርማል፣ የቀድሞ ቤቱን ያስረክባል፣ ዕቃውን በርካሽ ይሸጣል፣ ባልም ሥራ ይለቃል። በሙከራ ጊዜው ሥራው ሳይስማማ ሲቀር መመለሻ የለም። ስለዚህ የዓመት የቤት ውል የሙከራው ጊዜ ሳያልቅ አይፈረም። ባለቤትዎ ሥራ ከመልቀቅ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ይጠይቁ፤ ካልተገኘ የትምህርት ዘመኑን ይጨርሱ። እርስዎ በጊዜያዊ ማረፊያ ሆነው ቢጀምሩ ሁለት ቤት መያዙ ወጪ አለው፣ ከ3 ዓመት ልጅ መለየቱም ቀላል አይደለም፤ ከሦስት ወር እንዳይበልጥ፣ የመመለሻው ቀንም በቀን መቁጠሪያ ላይ ይከበብ።

ምክራችን ይኸው ነው። በቀረበልዎት መልኩ ብቻ ከሆነ አይፈርሙ። የእርስዎ ቀጣሪ ከአሥር በላይ ሆኖ፣ የባለቤትዎ ከአምስት በላይ ሆኖ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ከቤት መሥራት ተፈቅዶ፣ ቤቱም በከፋው ቀን ከ50 ደቂቃ በማይበልጥ መንገድ ላይ ከተገኘ ይሂዱ፤ ቢያንስ ለአምስት ዓመት አስበው ይሂዱ። ከአራቱ አንዱ ቢጎድል የጎደለውን ለመሙላት ይደራደሩ። ሁለቱ ከጎደሉ ይቅሩ። መቅረት ደግሞ ዝም ብሎ መቀመጥ አይደለም፤ ቆጠራው ያሳየዎትን ያልተንኳኳ በር ያንኳኩ፣ በሙያዎ ቀጣዩን የብቃት ፈተና ይውሰዱ፣ በርቀት ሊሠራ የሚችል የአንድ ድርጅት ሒሳብ በትርፍ ሰዓት ይያዙ፤ ከአሁኑ ቀጣሪዎ ጋር ያለዎት ውል መፍቀዱን ግን አስቀድመው ያንብቡ። የመጣልዎትን ጥሪ ለአለቃዎ እንደ ማስፈራሪያ አያሳዩ። «ሂጂ» ካለ ለመሄድ ካልተዘጋጁ ጨዋታው አልቋል።

አምስቱ ሳምንት እንዲህ ይከፈል፦ ሁለቱ ለቆጠራ፣ ሦስተኛው ለኩባንያው ጥያቄዎች፣ አራተኛው ለጉዞው፣ አምስተኛው ከባለቤትዎ ጋር ወረቀቱን ዘርግቶ ለመቀመጥ። የዚያን ማታ «እንደፈለግሽ» አይሠራም፤ እሳቸውም ቆጠራቸውን ይዘው ይምጡ።

አንድ ያልተጠየቀ ሰው ቀርቷል። ስለ እናትዎ ሐሳብ ደብዳቤዎ ውስጥ አንድም መስመር የለም። አብረዋችሁ ቢመጡ ያ 18 ይቀርና በመጀመሪያው ዓመት የሚቀርዎ 84 ይሆናል፤ ከአሁኑ 74 በ10 ይበልጣል፣ ስሌቱ በሙሉ ይገለበጣል። ነገር ግን የሚለቁት ጎረቤት፣ የለመዱት ሐኪም፣ በእግር የሚሄዱበት መንገድ አላቸው፤ አዲሱ ቤት አራተኛ ፎቅ ሆኖ አሳንሰር ከሌለው ቀኑን ሙሉ ከልጅዋ ጋር የሚታሰሩት እሳቸው ናቸው። «አብረሽን ትመጫለሽ አይደል?» ብለው ከጠየቁዋቸው እሺ ይሉዎታል። ይልቅ አራተኛው ሳምንት ላይ በሚሄዱበት ጉዞ ይዘዋቸው ይሂዱ፣ ቤቱንም ሰፈሩንም ራሳቸው ይዩት፤ ከተመለሱ በኋላ ሦስት ቀን ቆይተው፣ ብቻቸውን ሲሆኑ፣ ያን ጊዜ ይጠይቋቸው።